አዳነ ለብቻው ጥርሱን የፋቀበት እሑድ

ይህ የሆነው አምና በፍልሰታ ነው፤ ጣሊያን ደብረ ታቦር ከሰፈረ በኋላ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ግን ጠዋት መፋቂያዬን ባነሳሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ያንገበግበኛል።

በሚሲዮን ሆስፒታል የአስታማሚነት ትምህርት ጨርሼ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በምስክር ወረቀቴ ልቤ አብጦ ነበር። ሥራ ስላልነበረኝ የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስቤ ጥርሳቸውን ራሳቸው እንዲፍቁ ማስተማር ጀመርሁ።

ከሁሉም ትንሹ አዳነ ነው፤ ሦስት ዓመቱ። እናቱ በወሊድ ሞታ፣ አባቱ ጫካ ገብቶ፣ የሚያሳድጉት አያቱ እመይቴ ጥሩነሽ ነበሩ። ለእሱ ቀጭን የወይራ መፋቂያ እየቆረጥሁ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጬ አለሰልስለታለሁ። እሱ እንደ ሸንኮራ ይመጠዋል። ተጉመጥመጥ ስለው ደግሞ ውሃውን ይውጠዋል።

«ትፋው እንጂ አንተ!»

«ዋጥሁት እኮ፣ እታለም» ይላል፣ አፉን ከፍቶ እያሳየኝ።

እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። እጁን ይዤ እኔው ፍቄ እገላገላለሁ። እያደር መፋቁን ሞካከረ፤ መትፋቱን ግን አልቻለም። «እሱ ይደርሳል» ብዬ ተውሁት።

ፍልሰታ ሲገባ እመይቴ ጥሩነሽ አስጠሩኝ። ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ከመሞታቸው በፊት ከልጁ ጋር አብረው ሊቆርቡ ተስለዋል፤ ያውም ክርስትና በተነሡበት ደብር፣ ከኬላው ማዶ በጋፋት በኩል። ኬላውን የሚያሳልፈውን ወረቀት ጣሊያኖቹ የሰጧቸው ለአንድ እሑድ ብቻ ነው። ደግፌ እንድወስዳቸው እኔም ወረቀቱ ላይ ተጽፌአለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እሑድ ጠዋት እንዳይፍቅ ንገሪልኝ» አሉኝ። «ውሃ ከዋጠ ቁርባኑ ቀረበት። እኔ ብነግረው እታለም ፋቅ ብላኛለች ይለኛል። ያንቺን ነው የሚሰማ።»

«እነግረዋለሁ፤ አንቱ አያስቡ» አልኋቸው።

አልነገርሁትም። ረስቼ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ «በየጠዋቱ፣ በየጠዋቱ» ስል ከርሜ «ዛሬ ይቅር» ማለት ሥራዬን የሚያፈርስብኝ መሰለኝ። ያንን ለሦስት ዓመት ልጅ ማስረዳትም ታከተኝ። እሳቸው ይጠብቁታል፣ አልሁ።

እሑድ አዳነን አዝዬ፣ እሳቸውን ደግፌ ደረስን። ለቁርባን ሕፃናቱ ከፊት ተሰለፉ። ቄሱ አዳነ ጋ ሲደርሱ «ምንም አልቀመሰም?» ብለው ጠየቁ።

አያቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሱ ቀደማቸው። «ፋቅሁ!» አለ፣ ጥርሱን ገልጦ። «ለብቻዬ! ውሃውንም ዋጥሁት!»

አያቱ ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ ግድግዳው ላይ የሰካትን መፋቂያ አውርዶ፣ ማንም ሳያዘው ፍቋል። ሁለት ወር የለፋሁለት ነገር ያን ዕለት ተሳካ።

«ነገ ያምጡት፣ እመይቴ» አሉ ቄሱ።

«ነገ ወረቀት የለኝም፣ አባቴ።»

ቄሱ ወደሚቀጥለው ሕፃን አለፉ። እመይቴ ወደ ልጁ ጎንበስ አሉ። «ምነው ልጄ፣ እታለም እየነገረችህ?»

አዳነ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አልነገርሁትም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልሁ።

እሳቸው ብቻቸውን ቆረቡ። እንደ ደንቡ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ መንገዱን ሁሉ ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ መለስሁት። አሁን መልስ መስጠት አይችሉም፣ ማታ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ራሴን ደለልሁ። ማታ ደከማቸው። በማግሥቱ እኔ አፈርሁ። እንዲህ እንዲህ ስል ጥቅምት ላይ አረፉ፤ ልጁ የተነገረውን አልሰማም ብለው እንዳሰቡ።

አዳነ አሁን አክስቱ ዘንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤ አልገባውም። የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

መፋቂያውን ስሰጠው ቶሎ አፉ ውስጥ አያስገባም። መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየኛል።

«እታለም፣ ዛሬ ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል» እለዋለሁ።

ቀስ ብሎ ይፍቃል፤ አላጣድፈውም። ከዚያ ተጉመጥሙጦ ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ይተፋል፤ አፉ እስኪደርቅ ድረስ።