ትርንጎ ያስፈረሰችኝ ዓምድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፎርማናችን ጋሽ አሰፋ መሮና መዶሻ አስጨበጡኝና፣ «ድንጋዩን ዝም ብለህ አትደብድብ፤ መጀመሪያ አንኳኳውና ስማው» አሉኝ። ሳንኳኳ ዋልኩ። አንዲት ድንጋይ እንኳ ሳልጠርብ መሸ።

ከረዳትነት ወደ ግንበኝነት፣ ከዚያ ወደ ፎርማንነት እስክደርስ ብዙ ዓመት ሄደ። በገነተ ማርያም በኩል ያለች አንዲት ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ዓምዷ ሲሰነጠቅ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልቼ ለሰንኩት። ገበዙ አባ ወልዴ «እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። በዚያ ዓምድ ስኮራ ኖርኩ፤ ምን ያስዋሸኛል።

ትርንጎ ከሙጃ ከተማ መጥታ ረዳቴ የነበረች ልጅ ናት። የውሃ ልክ አያያዝ፣ የቱንቢ አጣጣል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኋላ የጥንት ሕንፃ ጥገና ተምራ መጣችና አምና ለዚያችው ቤተ ክርስቲያን ፎርማን ሆነች። ሥራውን የተማረ ይምራው ስለተባለ እኔ ከሥሯ ግንበኛ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት ዓምዱን አንኳኳችው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሲሚንቶ መነሳት አለበት» አለችኝ። «ድንጋያችን ለስላሳ ነው፤ የጠጣውን ውሃ ማውጣት አለበት። ሲሚንቶው አፍኖ ይዞታል፤ ከውስጥ እየበሰበሰ ነው።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ መሮ ሳትጨብጪ ነው እኔ ይኼን የሠራሁት!» አልኳት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

«እውነትዎን ነው። መሮ ያስጨበጡኝም እርስዎ ነዎት» አለች። «ግን እንዲህ ከከረመ ዓምዱ ጣራውን አይሸከምም። ሌላ ሰው አይንካው፤ እርስዎ ያንሱት።»

ይፈርዱልኛል ብዬ አባ ወልዴን አየኋቸው። «ልጄ፣ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው» አሉኝ። «ቤቱ የእግዜር ነው፤ ያንተ አይደለም።» አንገቴን ደፋሁ።

ሲሚንቶውን ለማንሳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከኋላው ያለው ድንጋይ እንደ እርጥብ ዱቄት እጄ ላይ ፈረሰ። ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። ይኼን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትርንጎ «ምሳ ደርሷል» ብላ ሠራተኛውን ይዛልኝ ወጣች።

ከዚያ ድንጋዩን በሚያስተነፍሰው በኖራ አስሞላችኝ፤ ስስ በስሱ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ቸኩዬ ስደርብ ሁለት ጊዜ አስፈረሰችኝ። ዘንድሮ ክረምት አልፎበት አየሁት፤ ዓምዱ ደርቋል፣ ጠንክሯል።

ቁጭቱ አልወጣልኝም፣ አልዋሽም። ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ግን ይኼው ነው፦ ያስተማራችሁት ልጅ ስህተታችሁን ካገኘ አትሟገቱ፤ አፍርሱ።