የቧንቧ ውሃ የጠጣው ሞተር

ልጅ እያለሁ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን ሰፈር ውስጥ እንደ አባዬ መኪናውን የሚንከባከብ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሁልጊዜ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ይሞላል። አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ የለመደው እንደዚያ ነው። ሞተር በዝገት እንዳይበላ ውሃው ላይ የሚጨመረውን አረንጓዴ ፈሳሽ ግን እንግሊዞች ለገበያ ያወጡት ጣጣ አድርጎ ነው የሚያየው።

እኔ ደግሞ አስም ነበረብኝ። አባዬ አምቡላንስ እስኪመጣ የመጠበቅ አንጀት ስላልነበረው ሆስፒታል የምደርሰው በዚያችው መኪና ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጋል ሲጀምር ቤታችን በሙሉ ተጨነቀ። አባዬ ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ ዱቄት ገዝቶ ጨመረበት። ለጥቂት ጊዜ ተሻላት፤ ከዚያ መንገድ መሃል እንፋሎቷን ለቀቀችው።

ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ጋራዥ የነበረው ጋሽ መኮንን ሞተሩን ፈታው። ከላይ የሚከደነው ቴስታታ፣ ውሃ በሚያልፍበት በኩል አይጥ የቀመሰው ዳቦ መስሏል።

«በማጣበቂያ ሞልተህ ግጠምልኝ» አለ አባዬ። «ነገ ልጄን ቢያማትስ?»

«ስለሚያማት እኮ ነው የማልደፍነው! ሲሞቅ ይለቃል። ይበየድና ፊቱ በማሽን ይስተካከላል። እስከዚያ አምቡላንስ ትጠራለህ!»

አባዬ አኩርፎ ወጣ። መኪናዋ ተሠርታ እስክትመጣ እማዬ ስትጸልይ፣ እኔ ሳል እንኳ ስፈራ ከረምን።

ከመጣች በኋላ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ ዩኒፎርሜን እየለበስኩ ደረቴ ተዘጋ። አባዬ ተሸክሞ አስገባኝ። መንገዱ ጥቅጥቅ ብሏል፤ መኪናዋ ፈቀቅ ትላለች፣ ትቆማለች። የታመምኩት እኔ ሆኜ ዓይኔ ከሙቀት መለኪያዋ ቀስት ላይ አልተነቀለም። ቀስቷ መሃል ላይ ጸጥ ብላ ቆመች። የሆስፒታሉ በር ሲታየኝ፣ ገና ኦክስጅን ሳይደረግልኝ፣ በልቤ እፎይ አልኩ። አባዬማ አለቀሰ። የዚያን እሁድ ጋሽ መኮንንን ከምእመናን ፊት አቅፎ አልለቅ አለው።

ዛሬ አስሙ ትቶኛል፤ ክላፋም ነው የምኖረው። አባዬን ለልብ ሕክምናው የማመላልሰውም እኔ ነኝ። መኪናዬን ሰርቪስ ሳላስደርግ አላሳልፍም። እሱ ቀበቶውን አስሮ ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳንወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያኔ እኔን ይዞ ሲነዳ እንዲህ ተረጋግቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲያንኮራፋ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እንዳይነቃብኝም ቀስ ብዬ እነዳለሁ።