ጋሽ ሰኢድ ህንድኛ አያውቁም

«እሱ ጥበብ አይደለም፤ ንፍጥና እንባ ነው!» ይላል ሚኪያስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግጥም በምናነብበት ወጣት ማዕከል፣ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ኋላ እያወዛወዘ። «ሰውየው በሦስት ጥይት ተመቶ አሥር ደቂቃ ይዘፍናል። አንድ ቡጢ ሰንዝሮ አምስት ሰው ያበርራል። ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ግጥም እጽፋለሁ ካለ፣ አቦ እኔ መጻፍ አቆማለሁ።»

«አቁማ!» አለች ሰላም። «እዚሁ መሃላችን አለ። እሁድ እሁድ ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ብሎክ፣ ከእናቶች ጋር ተቀምጦ የህንድ ፊልም ሲያይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሲያለቅስ ሁሉ።»

ስምንት ሰው ወደ እኔ ዞረ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግኩትን በራሴ አንደበት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ዘልያታለሁ። ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ለዚህች ግን አንድ ስንኝ አላወጣሁላትም። ለእናንተ ለማታውቁኝ የምነግራችሁ፣ ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

መጀመሪያ ጋሽ ሰኢድን ላስተዋውቃችሁ። ወሎዬ ናቸው። ለብዙ ዓመት በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድተዋል። መኪናው ተገልብጦ ግራ እግራቸው ሲጎዳ ነው ቃሊቲ ላይ ቪዲዮ ቤት የከፈቱት። ያኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተርጓሚ የሚባል ሰው ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ቆሞ፣ ህንዶቹ የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ የሚል። ጋሽ ሰኢድ ሌላ ሰው አልቀጠሩም፤ ራሳቸው ተረጎሙ። ቋንቋውን ጂቡቲ ወደብ ላይ ከህንድ መርከበኞች ተምረውት ነው ይባል ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላም አልተዉትም። እሁድ ከምሳ በኋላ፣ የብሎኩ ሰው ድግስ በሚያበስልበት የጋራ ቤት ውስጥ አሮጌ ቴሌቪዥን ይከፍቱና ሪሞቱን እንደ ማይክ አፋቸው ላይ ደቅነው ይተረጉማሉ።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ፍሪጅ ተሸክሜ ነው። ጫኝና አውራጅ ነኝ፤ ግጥሙን ያስተማረኝ የለም፣ ከአሮጌ መጻሕፍት የለቀምኩት ነው። በጋራ ቤቱ በር ሳልፍ «እናቲቱ ስንቅ ይዛ ቃሊቲ በር ላይ ቆመች። ዘበኛው፣ እማማ ዛሬ መጠየቂያ ቀን አይደለም አላት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሰፈር ወሬ መሰለኝ። አንገቴን አስግጌ ሳይ ሳሪ የለበሰች ሴት በቴሌቪዥን ውስጥ ታለቅሳለች። ለካ በጋሽ ሰኢድ ትርጉም የህንዶቹ እስር ቤት ቃሊቲ ነው፤ ባቡር ጣቢያቸውም የኛ መናኸሪያ ነው። ፍሪጁን አድርሼ ተመለስኩና በር ላይ ቆሜ ፊልሙን ጨረስኩት። በሚቀጥለው እሁድ ወንበር ተሰጠኝ።

ልካደው? ወደድኩት። ዝናብ ውስጥ የሚዘፍኑትን ወደድኩ። ክፉው ሰውዬ ከመሳቁ በፊት ፂሙን ማሻሸቱን ወደድኩ። በልጅነታቸው የተለያዩት ወንድማማቾች አንገታቸው ላይ ባለው ግማሽ ግማሽ ሜዳልያ ሲተዋወቁ፣ እንደሚተዋወቁ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እያወቅኩ፣ አለቀስኩ። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሕይወት ትርጉም የላትም እያልኩ ግጥም አነብባለሁ፤ እሁድ ትርጉሟን ከጋሽ ሰኢድ አፍ እሰማለሁ።

እየደጋገምን የምናየው አንድ ፊልም ውስጥ ደግሞ አንዲት ቦታ ነበረች። ዓይነ ስውር እናት ጠፍቶ የኖረ ልጇን ፊት ትዳስሳለች። ጋሽ ሰኢድ እዚህ ጋ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ዓይኔ ረስቶሃል ልጄ፤ እጄ ግን አልረሳህም» ይላሉ። ከፊት የሚቀመጡት እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው ማረሚያ ቤት ያለባቸው፣ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። እኔስ? እኔ ቃሏን ወሰድኳት። ግጥሜ ውስጥ ከተትኳት። ጓደኞቼ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሚኪያስ «ከየት አመጣሃት?» ሲለኝ «መጣችልኝ» አልኩት።

አንድ እሁድ ወንበር እያነሳን ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያቺ የእናትየዋ ቃል በህንድኛ እንዴት ነው የምትባለው?»

ሳቁ። «እኔ እንጃ። አንድ ቃል አላውቅም።»

«መርከበኞቹስ?»

«እነሱን ሰው ነው የፈጠራቸው። እኔ ዝም አልኩ።» ሪሞቱን ኪሳቸው ከተቱ። «ፊቷን አያለሁ። ልጇን ያገኘች እናት የምትለው ይጠፋሃል እንዴ?» ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ። «ይቺ ግን ባንተና በኔ መሃል ትቅር። ለራሴ ብዬ አይደለም፤ እነ ዘነበች አሉ። አንተ ደብተር የያዝክ ልጅ ነህ፣ ይገባሃል።»

«አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸው፣ እሳቸው አይዞህ ለማለት በሚሉት ቃል። ማልኩላቸውም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ ስምንት ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኛ ዘጠኛችንም ዩኒቨርሲቲ ያልረገጥን፣ ቀን መጋዘንና ፋብሪካ የምንውል ልጆች ነን። በዓለም ላይ የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ ፋራ መባል። «አዎ፣ አያለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ትንሽ ይስቁብኛል፣ ያልፋል። ይሄን አጥቼው ነው?

«ሙድ ልይዝ ነው የምሄደው» አልኩ። ሳቁ። ሳቁ ቀነስ ሲል ፈራሁና ጨመርኩበት። «ሰውየው እኮ ህንድኛ አያውቅም! አንድ ቃል! ከጭንቅላቱ እያወጣ ነው ሰፈሩን የሚያስለቅሰው!»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው «አያውቅም» አልኳቸው። ተነሳሁ። ግራ እግሬን ጎተትኩ። እስኪሪብቶ አፌ ላይ ደቅኜ በወሎ ቅላጼ ተረጎምኩ። ዘበኛውን ሆንኩ፣ ክፉውን ሰውዬ ሆንኩ፣ ስንቅ የያዘችውን እናት ሆንኩ። ያቺን የእጇን ቃል ብቻ ዘለልኳት። እሷማ የኔ ግጥም ነበረች።

«አቦ ገደልከኝ!» ይላል ሚኪያስ እንባውን እየጠረገ። ሰላም ግን በድንገት መሳቋን ተወች። በሩን ነበር የምታየው። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ሰኢድ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ የኔ ደብተር አለ።

«እሁድ ከወንበሩ ሥር ረስተኸው ሄደህ ነው» አሉ። «ዛሬ የምታነብበት ቀን ነው ብለኸኝ የለ። ባዶ እጅህን እንዳትቆም ብዬ ነው።»

በዚያ እግር ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተዋል። ደብተሩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ «አላህ ይባርካችሁ ልጆች» ብለው ሄዱ። ተከትያቸው መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። ለምን? ተነስቼ ብሮጥ ስምንቱ ያዩኛላ። ይባስ ብሎ ተራዬ ደረሰ። ደብተሩን ከመስኮቱ አንስቼ ከፈትኩ፣ ያቺንም ግጥም አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ።

ሰላም ወሬውን ሰፈር አስገባችው፤ ከማን እንደሰማች ብቻ አልተናገረችም። በማግስቱ እሁድ ሄድኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ብቀር እጠረጠራለሁ ብዬ ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ህንዶች ውሃን ምን ይሉታል?» አለ። ሳቅ ሆነ። ሌላው «ስንት ዓመት ሙሉ ሲሸውዱን ኖረው!» አለ። ጋሽ ሰኢድ ሪሞቱን ከአፋቸው አወረዱ። ያኔ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ታዲያ ያቺ እናት... እጄ አልረሳህም አላለችም?»

 ጋሽ ሰኢድን አየት አድርገው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። አንዱ «ማነው ግን ያወራው?» ሲል እኔም እንደ ሌላው ዞር ዞር አልኩ፤ ተናጋሪውን እንደሚፈልግ ሰው። ጋሽ ሰኢድ በኔ በኩል ሳያዩ «እኔው ነኝ የተናገርኩት» አሉና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እሁድ ፊልም የለም። እኔ ግን አሁንም አያለሁ፤ በስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ታክሲ ውስጥ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዙሬ። ያለ ትርጉም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው እናንተ ጋ አይደለም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ የዛሬ ዓመት ነው የሆነው። ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ እጽፋለሁ የምል እኔ፣ አንዲት እናት በሳምንት አንዴ የምትሰማትን አንዲት ቃል ነጠቅኳት። ቃሏ እኔ ጋ ደብተር ውስጥ ተቀምጣለች፣ ስሜ ከሥሯ ተጽፎ።

ባለፈው እሁድ ቤታቸው ሄድኩ። የምለውን በወረቀት ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ሰርዤ አሳምሬዋለሁ። በር ከፍተው አዩኝና «ግባ» አሉ። ወረቀቱን ሳወጣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ያንን ፊልም ከፈቱ፣ ልጁና እናቲቱ የሚገናኙበት አካባቢ አደረሱት፣ ሪሞቱን ሰጡኝ።

«ተርጉም» አሉ።

«ጋሼ እኔ...»

«ግጥም ትጽፍ የለ? ፊቷን አይተህ ተርጉም።»

ሴትየዋ እጇን ዘረጋች። ጉንጩን ነካች፣ ግንባሩን፣ አገጩን። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። አየኋት፣ በደንብ አየኋት። አንድ ነገር ከውስጤ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ዓይኔ ረስቶሃል ልጄ፤ እጄ ግን...» ነው።

«ያ የኔ ነው» አሉ። «የራስህን በል።»

ሪሞቱ አፌ ላይ እንደተደቀነ ቀረ። እናቲቱ ልጇን አቅፋ መዝፈን ጀመረች፤ ጋሽ ሰኢድ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁኝ። ከዚያ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ተነሱ፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። በሩን አልወረወሩትም። ቀስ አድርገው ዘጉት።