የአልታየች ትንሽ ምድጃ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ሜዳ የሰው ሀብት የሚለካው በኩበት ክምሩ ነበር። ልጁን ለመዳር የሚያስብ አባት የሙሽራውን መልክ ከማየቱ በፊት ከቤቱ ጎን የተቆለለውን ኩበት ያያል። ክምሩ ከፍ ካለ ከብት አለ፤ ከብት ካለ እህል አለ፤ እህል ካለ ልጅቷ ጦሟን አታድርም። አገሩ ዛፍ የለውም። ባሕር ዛፍ ገና አልመጣም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከቆሙት ጥቂት ጽዶች በቀር ለጥርስ መፋቂያ እንኳ የሚቆረጥ አይገኝም ነበር፤ ጽዶቹን ደግሞ የነካ ውግዝ ነው።

አልታየች ግን የእንጨት አገር ልጅ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው አንኮበር ሥር፣ ከጫካው አፋፍ ላይ ነው። ለዘርአ ዳዊት ተድራ ወደዚህ ሜዳ በመጣች ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት በኩበቱ ጭስ አለቀሰች ይላሉ። እኔ ግን ያለቀሰችው በአማቷ ምላስ ነው ባይ ነኝ። እማማ ወለተሐና ደግ ሴት ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን በአፋቸው በኩል አይወጣም ነበር።

በኋላ ዘመን በዚያች መንደር ያለች ሴት ሁሉ ምድጃ ስትሠራ «የአልታየች» እያለች ትሠራ ነበር። እንዴት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ሰው ምሳው የሚበስልበትን ነገር ታሪክ አለማወቁ ያናድደኛልና ልንገራችሁ።

በ1881 ዓ.ም. የከብት እልቂት መጣ። ዘርአ ዳዊት ስድስት ከብት ነበሩት። ሁዳዴ ሲገባ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ሳምንት ወደቁ፤ ለሆሳዕና አንዲት ጥጃ ብቻ ቀረች፤ እሷም ትንሣኤን አላየችም። ሰዉ ሁሉ ለበሬው አለቀሰ። ስለ ኩበቱ ያሰበ አልነበረም። ክምሩ ከሰው ቁመት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ሲወርድ ነው ድንጋጤው የመጣው። በጎታው ውስጥ ገብስና ባቄላ አለ፤ የሚያበስለው እሳት ግን የለም። እህል ይዞ ከመራብ የባሰ የሚያበሽቅ ነገር አላውቅም።

አልታየች ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ወደተወለደችበት ገደል ትሄዳለች፤ አንድ ሸክም እንጨት በጀርባዋ አዝላ ፀሐይ ስትጠልቅ ትገባለች። ያ ሸክም ሦስት ቀን ይነድዳል። በአራተኛው ቀን እንደገና መሄድ ነው። ጀርባዋ ተልጦ፣ ስትተኛ በሆዷ ብቻ ሆነ።

ዘርአ ዳዊት ይህን እያየ ልቡ ተሰበረ። «መሬቱንስ በዶማ እቆፍረዋለሁ» አለ፤ «እሳት ከየት ቆፍሬ ላውጣ?»

መልሱን የሰጠው ወዳጁ ዓወል ነው። ዓወል የአልዩ አምባ ሰው፣ አሞሌ ጨው በአህያ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። «ወደኛ ውረድ» አለው። «እንጨት ሞልቷል። የአባቴን መሬት ከሚስትህ ጋር ትሠራለህ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን፤ እኔም ሰው ቸግሮኛል። አላህ ካለ የዓመት ቀለብ አታጣም።» ተስማሙ። ከጰራቅሊጦስ ማግሥት፣ ሰኞ፣ ዓወል ለጓዙ ሁለት አህያ ይዞ ሊመጣ ተቀጠረ።

እንግዲህ እማማ ወለተሐና ነበሩ የቀሩት። ጉልበታቸው ከያዛቸው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከመደባቸው እስከ ደጃፍ እንኳ በሰው ነው። ያን ገደል በቃሬዛ ለማውረድ አራት ሸካሚ ያስፈልጋል፤ ቢወርዱም የቆላው ንዳድ አሮጊት አይምርም። ነገሩን ራሳቸው ቆረጡት። «እኔን ደብሩ ዘንድ መቃብር ቤት አድርሱኝና ሂዱ። ቁራሽ አላጣም» አሉ።

በዚያ ዓመት ቁራሽ የሚሰጥ ማን ነበር? እሳቸውም ያውቁታል፤ ልጃቸውም ያውቀዋል፤ አልታየችም ታውቀዋለች። አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። ጨዋነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጨካኝ ነገር ነው።

አልታየችና አማቷ ሃያ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል፤ ስለ ጨው፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ዶሮ። ነገር ግን አሁን ጫጫ አገር የተዳረችውን ልጇን ደመቀችን ሦስት ቀን ስታምጥ ወገቧን ይዘው ያልተለዩዋት እሳቸው ነበሩ። ጥያቸው አልሄድም አለች በሆዷ። በአፏ ያለችው ግን «እስከ ጰራቅሊጦስ ስንት ቀን ቀረ?» ብቻ ነው። አርባ ቀን ያህል ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት ማየት ያዘች። እሳት ያላየ የለም ትሉኝ ይሆናል፤ እሷ ግን ነገር እንደሚያጣራ ዳኛ ነበር የምታየው። በበሩ ነፋስ ሲገባ ነበልባሉ ከሦስቱ ጉልቻዎች መካከል ወደ ጎን ይጋደማል። ማሰሮዋን በእጇ ዳሰሰች፤ ለብ ብላለች። ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ይፋጃል።

«እኛ እኮ የምናበስለው ግድግዳውን ነው!» አለች።

«ታዲያ በሰለልሽ?» አሉ አማቷ ከመደባቸው ላይ።

ከጓሮ ቂጡ የወለቀ አሮጌ እንስራ ነበር። አንገቱን ወደ ላይ አድርጋ አቆመችው፤ ከጎኑ በታች ቀዳዳ አበጀችና ጭራሮ ሰክታ ለኮሰችው። እሳቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጭራሮው የሚነድደው ጫፉ ብቻ ነው፤ ነፋስም አላገኘውም፤ እንደ ተኛ ድመት ያንኮራፋል። አልታየች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። እንስራው ግን ለዚህ አልተሠራምና ጥቂት ቆይቶ ለሁለት ተሰነጠቀ።

እንደ ጎታ በጭቃ ልሥራው ብላ ተነሣች። የጎታ ጭቃ የሚቦካው ከእበት ጋር ነው፤ እበት ደግሞ ከከብቱ ጋር አልቋል። ቢቸግራት የገብስ ጭድ አድቅቃ፣ አመድ ጨምራ ለወሰችው። ጎረቤት አይቶ ሳቀ፤ አመድ ተቦክቶ ምን ሊሆን ነው ተባለ። ሲደርቅ ግን ከጎታ ጭቃ የቀለለ ሆነ፤ ውስጡ እየነደደ ውጭውን በመዳፍ መንካት ይቻላል። ሙቀቱ ግድግዳ ፍለጋ መሄዱን ተወ።

ምድጃው ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ አንዲት ሴት በሁለት ጆሮው ይዛ ታነሣዋለች። ከጎኑ ጭራሮ ማስገቢያ አፍ አለው፤ በአፉ መሐል ጭቃ እንደ መደርደሪያ አጋድማበታለች፤ እንጨቱ ከላይ ይተኛል፤ ከሥር ንፋስ ይገባል። ባዶውን ሲነድድ ማየት ደስ ይላል። ማሰሮ ሲጣድበት ግን ማሰሮዋ እንደ ክዳን ገጠመችበትና ጭሱ ሁሉ በእንጨቱ አፍ ተመልሶ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛ ሠራች፤ ላዩን አሰፋችው። ማሰሮዋ ወደ ውስጥ ሰጥማ እሳቱን አፈነችው። ሦስተኛውን በአንድ ወገን ሸነቆረችው። እሳቱ ሁሉ በሽንቁሩ አመለጠ፤ ባቄላው በአንድ ጎን አርሮ በሌላው ጎን ጥሬ ሆነ። አንዱ እስኪደርቅ ሳምንት ይፈጃል። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባው ቀን ወደ አሥር ወረደ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉ እማማ ወለተሐና። ተረቱ ስለ ሰው መለዋወጥ የሚነገር ነው፤ እሳቸው ግን ወደ እውነተኛው ጉልቻ መለሱት። እዚያም አላበቁም። «ደግሞስ ይህ ያንቺ ጭቃ ሦስት ጉልቻ የታለው? ጉልቻ የሌለው ቤት ቤት ይባላል? እነዚህን ድንጋዮች ሙሽራ ስገባ ባሌ በእጁ ነው የተከላቸው። ሦስት ጉልቻ የሌለበት እሳት ትዳር ያፈርሳል!»

አልታየች አራተኛውን ገና እየለሰነች ነበር። እጇ ጭቃ፣ ጀርባዋ ቁስል፣ ሆዷ ባዶ ነው። ደሟ ፈላ። ወደ ደጅ ወጥታ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ጠጠሮች ለቅማ ተመለሰችና በእርጥቡ ምድጃ ከንፈር ላይ በሦስት ወገን ሰካቻቸው።

«ይኸውልዎ ጉልቻ! አሁን ደስ አለዎት?»

«አንሰዋል» አሉ እሳቸው።

ምድጃው ደረቀ። ዓርብ ዕለት፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ጭራሮ ለኮሰችና ማሰሮዋን ጣደች። ማሰሮዋ በሦስቱ ጠጠሮች ላይ አረፈች፤ በዙሪያዋ አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረ። ጭሱ አልተመለሰም። ነበልባሉ በክፍተቱ በኩል ማሰሮዋን ዙሪያዋን እየላሰ እኩል ወጣ። አልታየች ማሰሮዋን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች፤ እንደገና አስቀመጠች። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። ቅዳሜ ከጠጠሮቹ ውጭ እንደ ቀሚስ ዝቅ ያለ የጭቃ ዙሪያ አቆመችለት፤ እሳቱ ማሰሮዋን አቅፎ መውጣት ጀመረ።

«ጉልቻዎ ነው ያሠራው፣ እማማ» አለች።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ። ምን እንደነገሯት ግን እሳቸውም አያውቁም።

ዘርአ ዳዊትን ማሳመን ሌላ ነገር ነበር። ሦስት ምድጃ ሲከሽፍ አይቷል። ተስፋ አድርጎ ከመውደቅ ተስፋ አለማድረግ የሚቀለው ሰው ነበር፤ ደግሞም ቃል ሰጥቷል። ሰኞ ጠዋት ዓወል ሁለት አህያ እየነዳ ደረሰ። ዘርአ ዳዊት እናቱን ከነመቁጠሪያቸው አውጥቶ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። ጓዙ ሲጫን እሱ እሳቸውን አዝሎ ወደ ደብሩ ሊሄድ ነው።

አልታየች በሩ ላይ ቆማ ወደ ባሏ ዞረች። «ከመጫናችሁ በፊት አንድ ማሰሮ ባቄላ ላብስል። እንጨቱን አንቱ ይስጡኝ፤ ከሰጡኝ ሌላ አልጨምርም።»

ባሏ ክንዱ ሥር የምትገባ አንዲት እስር ጭራሮ አነሣ። በድሮው ምድጃ ውኃው ሳይፈላ የምታልቅ ናት። «በዚህ ከበሰለ እንቀመጣለን» አለ። «ካልበሰለ ግን አታልቅሺብኝ።»

ከማታ የተዘፈዘፈው ባቄላ ተጣደ። ሁለቱ ወንዶች ቁጭ ብለው ይጠብቁ ጀመር። አልታየች ጭራሮውን አንድ አንድ እያለች በጫፉ ትገፋለች። ውኃው ፈላ፤ ዓወል ተደንቆ ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ ቆይቶ ሽታው ቤቱን ሞላ። ያኔ ማንም ያላሰበው ችግር መጣ፤ ያ ሰኞ የሰኔ ጾም የሚገባበት ቀን ነው። ብዙ ሰው የካህናት ነው ብሎ ይተወዋል፤ በእማማ ወለተሐና ቤት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጉሮሮ የሚያልፍ ነገር የለም። የደጋ ባቄላ ደግሞ ሲጫኑት የሚለሰልስ፣ ልቡ ግን ጥሬ የሆነ አታላይ ነው፤ በጥርስ ካልሆነ አይታወቅም።

ባልና ሚስት ሁለቱም ዓወልን አዩት። መቅመስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ በፍርዱ የሚጎዳውም እሱ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ካልወረዱ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው፤ ያን ሁሉ ዳገትም በከንቱ ወጥቶታል።

ዓወል «ቢስሚላህ» ብሎ አንዲት ባቄላ ወሰደ። አኘከ። ፊቱ ምንም አይናገርም። ሁለተኛ ወሰደ፤ ቀስ ብሎ አኘከ።

«ዘርአ ዳዊት ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፤ «ብዋሽህ ሁለት ጎበዝ ሰው አገኝ ነበር። ወላሂ በስሏል። እንጨቱም ተርፏል።» እውነቱን ነው፤ ሦስት ጭራሮ መሬት ላይ ተጋድመዋል።

ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ ወጣ። እናቱ ከተቀመጡበት ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። እማማ ወለተሐና ሰዓቱ ደረሰ ብለው እጃቸውን በአንገቱ ላይ አደረጉ። ሲነሣ ዞር ብለው ቤቱን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደኅና ሁኚ ቤቴ» አሉ፤ «ወልጄብሻለሁ፣ ቀብሬብሻለሁ፣ ደኅና ሁኚ።» ልጃቸው ግን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ በሩ ዞረ።

«ዞረብህ እንዴ? ደብሩ በዚያ ነው!» አሉና ትከሻውን በጡጫ መቱት።

ዘርአ ዳዊት እንዳዘላቸው ወደ ውስጥ ገባ። የመለሰችላቸው አልታየች ናት።

«ደብሩን እሑድ ይስሙታል፣ እማማ። አሁን መደብዎ ላይ ይቀመጡልኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንፍሮውን የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም።»

እማማ ወለተሐና ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ፊታቸውን በልጃቸው ጀርባ ደብቀው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። አልቅሰው ሲበቃቸው ቀና ብለው ማሰሮዋን አዩ።

«ክደኚው እንጂ» አሉ፤ «ይቀዘቅዛል።»