ያልበላነው ስንቅ

ዱባ ሲከፈት የሚሸተውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ቢላዋው ገብቶ ልጡ ቀጭ ሲል፣ ዝናብ እንዳለፈበት ሣር ያለ ቀዝቃዛ ሽታ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ቴፒ ባለው ቤቴ ወጥ ቤት ቆሜ አንዱን ለሁለት ስከፍለው፣ በመስኮት የገባው ፀሐይ ሄዶ ብርቱካንማ ሆዱ ላይ ተኛ። እጄ እዚያው ቀረ። ልጄ «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ በልቤ እዚያ አልነበርኩም። ሚዛን ተፈሪ ነበርኩ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ያን ጊዜ ሚዛን ቤት ተከራይተን የምንማር ልጆች ብዙ ነበርን። እኔ የመጣሁት ከሸዋ ቤንች ነው። አባቴ አነስተኛ ሱቅ ስለነበረውና ቤታችን አማርኛ ብቻ ስለሚወራ ራሴን ከከተሜ እቆጥር ነበር። አብራኝ የተከራየችው ልጅ ግን ከዋናው መንገድ ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ በቡና ጥላ ሥር ሦስት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር ነበር የመጣችው። አማርኛዋ ዝግ ያለ ነበር። ቃሉን መጀመሪያ በቤንችኛ ልቧ ውስጥ አሙቃ፣ ከዚያ የምታወጣው ይመስለኝ ነበር።

ክፍላችን በአንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ከወልቂጤ በኩል የመጡ፣ ድምፃቸው ትልቅ ልባቸውም ትልቅ የሆነ ሴት ናቸው። ከጣሪያችን በላይ አንድ ዋንዛ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ ፍሬው ሲበስል ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወድቃል። አሁንም አንዳንዴ ልተኛ ስል ያ ድምፅ ይሰማኛል።

በገበያ ቀን የጓደኛዬ እናት ይመጣሉ። ያን ሁሉ መንገድ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ስንቅ ነው፤ ጎደሬ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ አንዳንዴም ያ ውስጡ ቢጫ የሆነው ስኳር ድንች። ቅጠሉ ሲፈታ ክፍሉ ጭስ ጭስ፣ ጤዛ ጤዛ ይሸታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛዬ እሽጉን ስትፈታ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ።

«ይኼን ልንበላ ነው ከተማ የመጣነው? ጎደሬ ከሆነማ እዚያው ቁጭ ብንል ምን ነበረበት!»

ክፉ ልጅ አልነበርኩም፤ አልነበርኩም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ተከራይ ተማሪዎች እንዳይሸታቸው ነበር የፈራሁት። እሷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ቅጠሉን እንደነበረ መልሳ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ስንቁ ክፍላችን ገብቶ አያውቅም። እናቷን ገበያ ድረስ ሄዳ ታገኛቸዋለች፤ ቤት የምትገባው ግን ባዶ እጇን ነው። የት እንደምታደርሰው አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ሻይ በዳቦ እንበላለን። ምሳ ማካሮኒ በሽንኩርት ነው። ማታም ሻይ በዳቦ። በራችንን ከፍተን ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳቦውን ሻይ ውስጥ ስንነክር፣ ጭጋጉ ገና ከቡናው ላይ አልተነሣም፤ ዳቦው ነጭ፣ ዓለሙ ሁሉ ነጭ ነበር። ስኳሩን አብዝተን ነበር የምንጠጣው። ከተሜ መሆን ማለት ያ ነው ብለን አምነን ነበር። እኔስ ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ሄጄ እንቁላሉንም ጎመኑንም እየበላሁ እመለሳለሁ። እሷ ግን መንገዱ ስለሚርቃት አትሄድም። ክረምቱንም ማጠናከሪያ ትምህርት ብላ እዚያው ሚዛን ከረመች። በዚያ ላይ ተቅማጥ ይዟት ሰነበተ።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርት እንደተጀመረ ጠባይዋ ተለወጠብኝ። የከሰዓት ፈረቃ ነበርን። ደወሉ ሲደወል ከሁሉም ቀድማ ትወጣና «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ትለኛለች። ቤት ከገባች በኋላ ለምንም ብትጠራ አትወጣም። የተጣላችኝ መስሎኝ አኩርፌ ነበር።

አንድ ቀን አስተማሪው አቆየን። ስንወጣ ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን፣ መንገዱ በቡናው መሀል በሚወርድበት በኩል፣ ነገሩ ሁሉ መደብዘዝ ጀምሯል። የሹራቤን ጫፍ ስትይዝ ተሰማኝ። ጥቂት እንደሄድን እጇ ለቀቀኝና ዘወር ስል ቦይ ውስጥ ወድቃለች። ደብተሮቿ ውኃው ላይ ተበትነዋል።

«ቦዩን አላየሽውም እንዴ?» አልኳት።

«አይታየኝም።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ይጠፋል። ወር አልፎታል።» ያለቀሰች መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ አላለቀሰችም። «ለማንም እንዳትነግሪ። አባቴ ከሰማ ይወስደኛል። የማያይ ልጅ ምን ትማራለች ይላል።»

ማልኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እጇን ይዤ እወስዳት ጀመር። ፈርቼላት ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን መንገድ እወደውም ነበር። እጇ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። እሷ ወደፊት አፍጥጣ ትሄዳለች፤ እኔ ያየሁትን እነግራታለሁ። «አሁን ባጃጅ እየመጣ ነው። አሁን አንዲት ሴትዮ ልብስ ከአጥር ላይ እያነሣች ነው።» የሚነገር ሲያልቅብኝ መፍጠር ጀመርኩ። አንድ ነጭ ፈረስ ፈጠርኩላት፤ በአንድ አጥር ውስጥ ቆሞ፣ እኛ ስናልፍ ቀና የሚል።

«ዛሬስ አለ?» ትለኛለች ቦታው ስንደርስ።

«አለ። ሣር እየጋጠ ነው።»

ቆም ትላለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። እኔም አብሬያት አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ሣሩ ሲቀጠፍ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄድን። አንድ ማታ አከራያችን የግቢው በር ላይ ቆመው አገኙን።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» ብለው ለጓደኛዬ እጃቸውን ዘረጉላት። እሷም እጇን ዘረጋች፤ ዘርግታም ከእጃቸው ጎን ያለውን አየር ጨበጠች።

ሴትዮዋ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ያቺን የተሳሳተች እጅ በዝግታ ያዟት። ያ ትልቅ ድምፃቸው ጠፍቶ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ። መልስም አልጠበቁም። «ዳፍንት ነው ይኼ። እናቴ ስትናገር እሰማ ነበር። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ጤና ጣቢያ ያየችን ነርስ ወጣት ነበረች። ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። የጓደኛዬን የዓይን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ጥፍሯን አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበቻት።

«ትናንት ምን በላሽ?»

«ሻይ በዳቦ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ማካሮኒ። ሻይ በዳቦ።»

«ጎመን በልተሻል? ዱባ፣ ካሮት፣ ፓፓያ፣ እንቁላል?»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እዚህ አገር? አጥሩ ሁሉ ቅጠል በሆነበት አገር?»

ያን ጊዜ አከራያችን ደረታቸውን መቱ። «ያ ሁሉ ዱባ! ያ ሁሉ ጎመን! በየሳምንቱ በጓሮ በር የምታቀብይኝ የአንቺ ስንቅ ነው? እኔ እኮ እናትሽ ለእኔ የሚልኩት መስሎኝ ነው! የልጅ ጉሮሮ ዘግቼ ነው የበላሁት? ምነው ልጄ፣ ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?»

ጓደኛዬ መሬት መሬት ታያለች። እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ስቄባት ነው» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ አልወጣም።

ነርሷ እንክብል አስዋጠቻት። ለአንጀት ትልም መድኃኒት ጽፋላት በቀጠሮ እንድትመለስ አዘዘቻት። ቀጥሎም ለእኔ ይሁን ለእሷ ሳይለይ አንድ ወረቀት ገልብጣ ክብ ሳለች። «ይኼ ሳህናችሁ ነው» አለችና ሦስት ቦታ ከፈለችው። በአንደኛው ጉልበት የሚሰጠውን ጻፈች፤ ጎደሬው፣ ቆጮው፣ ዳቦውም እዚያ ገባ። በሁለተኛው ሰውነት የሚገነባውን፤ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት። በሦስተኛው ከበሽታ የሚጠብቀውን፤ ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ፓፓያውን፣ ያንን ቢጫውን ስኳር ድንች።

«ዳቦ ክፉ አይደለም» አለች። «ብቻውን ሲሆን ነው የሚከፋው። ጎመኑ ላይ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ያለ ቅባት ለዓይን የሚሆነው ነገር በደንብ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ሻዩን ደግሞ ከምግብ ራቅ አድርጉት።»

ከዚያ በፊት ስለ ምግብ በክፍል ተምሬ ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ከሥሩ የሰው ዓይን ነበረበት። ያንን ወረቀት ግድግዳችን ላይ በሊጥ ለጠፍነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አከራያችን ራሳቸው ገበያ ወርደው የጓደኛዬን እናት ይዘዋቸው መጡ። እናቷ አጭር፣ እጃቸው ሰፊ፣ አማርኛቸው በቁጥር የሆነ ሴት ነበሩ። ደፉ ላይ ቆመው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስለኛል፣ «እኔ አመጣሁ። አንቺ አልበላ?» አሉ።

ጓደኛዬ በቤንችኛ መለሰችላቸው። አልገባኝም። ውኃ ልቅዳ ብዬ ጀሪካን አንሥቼ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። ስመለስ እናቷ ከሰል አቀጣጥለው ዱባ እየቆረጡ ነበር። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ምን አልሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጥርሴን አሞኝ ነበር አልኳት» አለችኝ።

አመንኳት። ማመን ቀሎኝ ነበር።

እናቷ በዚያን ዕለት አብረውን ዋሉ። ጎመኑን እንዴት አድቅቀው እንደሚከትፉ፣ ዱባው እንዳይፈርስ መቼ እንደሚወርድ አሳዩኝ። ዘይቱን ጠብ ሳደርግ «ጨምሪ» አሉኝ። ስንበላ እሳቸው አልበሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፋችንን ያዩ ነበር። ትልቁን የዱባ ቁራጭ አንሥተው ያስቀመጡት እኔ ፊት ነው። ጣፋጭ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ያፈርኩበት ምግብ የለም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስንቁ ሁለት እሽግ ሆኖ ይመጣ ጀመር፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ።

ብርሃኗ የተመለሰው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የአከራያችን ነጭ ነጠላ ታያት፤ ከዚያ የመንገዱ ዳር። አንድ ማታ ያ አጥር ጋ ስንደርስ እጄን ለቀቀችና ቆመች። ረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። ውስጡ ሙዝ ብቻ ነበር።

«ፈረሱስ?» አለች።

ሳቋ መጣ፤ ያን የመሰለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እስከ ቤት ድረስ ቆም እያልን ስቀን ገባን። ፈረሱ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ ለእኔ እንደነበረ ነው፤ ያንን መንገድ ሳስታውስ እሱም አለበት።

ከዚያስ? ከዚያ የሁሉም ሰው ታሪክ ነው። ትምህርት ጨረስን። እሷ ወደ መንደሯ ተመልሳ ትንንሽ ልጆች ታስተምራለች። እኔ ቴፒ አገባሁ። በስልክ እንገናኛለን፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ፣ በመጨረሻም እንዲያው ሲታወሰን ብቻ።

አምና እናቷ ዐረፉ ሲሉኝ ሄድኩ። ከሚዛን ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ ከቆመበት በኋላ በእግሬ ወረድኩ። ያን መንገድ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በዚያን ቀን ነው። ወንዙን ስሻገር፣ ዳገቱን ስወጣ፣ ባዶ እጄን ሆኜ እንኳ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ጓደኛዬ ጥቁር ሻሽ አስራ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ተቃቅፈን አለቀስን። ሰዉ ሲቀልል ከቤቱ ጀርባ ወስዳ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። ስንት ዓመት ያዘልኩትን ነገር ያኔ አወጣሁት።

«ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ» አልኳት። «ስንቃቸውን ያስናቅሁሽ እኔ ነበርኩ። ጥርሷን አሟት ነው እንዳሉ ሄዱ።»

አየችኝ። የሻሿን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገች።

«እናቴ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

«መቼ ነገርሻቸው?»

«ያኔውኑ ነዋ። አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ። እናቴን ዋሽቻት አላውቅም፤ የዋሸሁት አንቺን ነው፣ እንዳታፍሪ ብዬ።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ምን ትላለች? ‹እሷም ልጅ አይደለች? እሷም ትብላ› አለች።»

ከፊት ለፊት አዲስ ለቀስተኛ መጥቶ የሴቶች ድምፅ ከፍ አለ። ጓደኛዬ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ተነሣች፤ ልትቀበላቸው ሄደች። እኔ ጥቂት እዚያው ቆየሁ።