ከዜሮ በታች ያለ ሰዓት

ቢቸና ሥራ በጀመርሁበት ቀን አለቃዬ ጋሼ ይርጋ የሰጡኝ ትምህርት አጭር ነበር። "ቁጥሩን ነጥቡ ላይ ቁረጠው። ግራው ሰዓት ነው፤ ቀኙን በስድሳ ስታባዛው ደቂቃ ይወጣሃል።" ለክሊኒኮች የመድኃኒት ሰዓት የሚያሳስብ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አምስት ሰዓት ከሩብ ማሽኑ ውስጥ 5.25 ነው።

ሐኪሞቹ በፈረንጅ ሰዓት ያዛሉ፤ ነርሶቹ በእኛ ሰዓት ያነባሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስድስት ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ለቀን መድኃኒት እንከን አልነበረውም።

አንድ ቀን ሞጣ ካለ ክሊኒክ ተደወለ። ውባለም የምትባል ነርስ ለአንድ ጨቅላ ንጋት 11፡15 ላይ የታዘዘውን መርፌ 12፡45 ላይ ሰጥታለች። ሕፃኑ ትኩሳት ጠንቶበት ወደ ባሕር ዳር ተልኳል። "ስክሪኑ ያለኝን ነው ያደረግሁት" ብትልም፣ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ማሳሰቢያው ከስክሪኑ ስለሚጠፋ የሚያምናት አጣች። የክሊኒኩ ኃላፊ ሊያሰናብታት የኛን ቃል ብቻ ይጠብቃል።

"ፕሮግራሙ ደህና ነው በላቸው" አሉኝ ጋሼ።

እኔ ደግሞ ሳልሞክር አፌን የማልከፍት ግትር ነኝ። ሐኪሙ ያዘዘበትን የፈረንጅ 5፡15፣ ማለትም 5.25 አስገባሁ። ስድስት ሲቀነስ -0.75 ሆነ። ነጥቡ ላይ ሲቆረጥ ግራው ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቀኙ የመቀነስ ምልክቱ ጠፍቶ አርባ አምስት ደቂቃ። ስክሪኑ 12፡45 አለ።

ሙሉ ቁጥሩ ወደ ታች፣ ወደ -1 መውረድ ነበረበት። ያኔ የሚተርፈው 0.25 ነው፤ ከአሥራ ሁለት አንድ ሲነሳ 11፡15 ይመጣል። እስከዚያ ድረስ የሌሊት መድኃኒት የሚታዘዘው በድፍን ሰዓት ስለነበር ስህተቱን ያየ የለም።

"ጋሼ፣ ደቂቃው ላይ የነበረችው የመቀነስ ምልክት የት ሄደች?" አልኋቸው።

"እኔ ነኝ የጣልኋት። ሙከራ ላይ ደቂቃው ከነመቀነሱ ሲወጣ ነርሶቹ ሳቁብኝ። አፈርሁና አጠፋኋት" አሉ።

ይደውላሉ ብዬ ስጠብቅ ጃኬታቸውን ደርበው ተነሡ። አብረን ሞጣ ሄድን። ኃላፊው ፊት ሁሉን ተናገሩ፤ ውባለም ተጠራች።

"ልጄ፣ አንቺ አላረፈድሽም። ያስረፈድሁሽ እኔ ነኝ" አሏት።

እንባዋ ወረደ። "ሁሉም ሲክደኝ፣ አባቴ፣ እኔም የገዛ ዓይኔን መጠራጠር ጀምሬ ነበር" አለች። አላስቻለኝም፤ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ሕፃኑ ድኖ መጣ። እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ለአዲስ ፕሮግራመሮች የምለው ይህን ነው፦ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ሙሉውን ወደ ታች ውሰዱት፣ የሚተርፈው ከዜሮ አይነስ። የሚያሳፍር ምልክት ስክሪኑ ላይ ስታዩ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ እዩ።