የአምሳለ የጓሮ በር

አምሳለን እንጅባራ ውስጥ የማያውቃት የለም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ኢንተርኔት ቤት አላት። ሌላው ባለ ኢንተርኔት ቤት በደንበኛው ትከሻ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ ይውላል፤ እሷ ግን ብርዱን ሰበብ አድርጋ ጥግ ላይ ሹራቧን ትሠራለች። «ሰው የሚያነበው እንደ ንስሐው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» ትላለች።

በ2011 ዓ.ም. ባህር ዳር ያለች ጓደኛዋ አንድ ነገር አሳየቻት። አንዳንድ ድረ ገጾች ሁለት አድራሻ አላቸው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሌላው «ሽንኩርት» የሚሉት፣ የኢንተርኔቱን መስመር የሚሰልል ሰው ማን ምን እንዳነበበ እንዳያይ ተደራርቦ የተሸፈነው ነው። ይህን የሚከፍት ብራውዘር አለ፤ ትንሽ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ደንበኛው የለመደውን አድራሻ ቢጽፍም ብራውዘሩ ራሱ ወደ ሽንኩርቱ ይወስደዋል። አምሳለ ደስ አላት። «የፊት በሩን ላንኳኳ ሰው የጓሮውን መክፈት ማለት ነው» አለችና በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ጫነችው። ለደንበኞቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ጋሽ ዓባይነህ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሽንት እየከለከላቸው መከራቸውን ያያሉ። ሐኪም ባህር ዳር ሄደው ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን አንብበው ካልገባቸው አይቆርጡም። ከቢላዋው ይልቅ የሚፈሩት ደግሞ ወሬውን ነው።

«ይህ ነገር ከተሰማ አልሄድም፤ እዚሁ እሞታታለሁ» አሏት አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዕድሩ ሰው ሳልሞት ያለቅስልኛል። ያስተማርኋቸው ልጆችም ስለ ሽንቴ ሲያወሩ መስማት አልሻም።»

«ይመኑኝ ጋሼ፤ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለቻቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ዓባይነህ መነጽራቸውን ወልውለው የሚያነቡትን የጤና ድረ ገጽ አድራሻ በአንድ ጣት ጻፉ። ገጹ ተከፈተ። ከላይ ግን የጻፉት ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ተሰልፏል። ዕድሜ ልካቸውን ፊደል ያስተማሩ ሰው ደነገጡ። አምሳለ ደጅ ላይ ነበረች። እንግዲህ በኛ አገር ሰው ግራ ሲገባው ምን ያደርጋል? አጠገቡ ያለውን ይጠራል።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ እየው፤ ምን ነክቼ ነው?»

አጠገባቸው የተቀመጠው ከሰው ሁሉ ተመርጦ ምንይችል ነበር። ባጃጅ ይነዳል፤ ጠዋት እንጅባራ ላይ የሰማውን ጎረቤት ከተማ ጥሊሊ ሳትሰማ ምሳ አትበላም። ምንይችል ጎንበስ ብሎ አየ። ያየው አድራሻውን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍና ሥዕልም ጭምር ነው።

«ምንም አልነኩም መምህር፤ ደህና ነው» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

ጋሽ ዓባይነህ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ኮፍያቸውን ደፍተው አምሳለን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ሄዱ።

ምንይችል ሲወጣ ያየችው አምሳለ ገብታ ያን የፊደል ክምር ስታይ የሆነው ሁሉ ገባት። የሩቁ እንዳያይ ስትሸፍን ወንበር ለወንበር የተቀመጠውን ረስታ! ምንይችልን ፈልጋ ልትለምነው ብትወጣ ባጃጁ የለችም። ጋሼም ከዚያ ወዲያ ብቅ አላሉም። ሹራቧን እየሠራች ትስታለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትስታለች።

ከሰነባበተ በኋላ የጋሽ ዓባይነህን ጎረቤት የሻረግን አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«ወዴት ነሽ?»

«መምህርን ልጠይቅ። ባህር ዳር ሰንብተው መጡ እኮ፤ የዕድሩ ሰው ሁሉ እዚያው ነው።»

አምሳለ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ሆኑ ተባለ?»

«መንጋጋቸውን ተነቅለው። ሥሩ ጠልቆ ሐኪሞቹን ፍዳቸውን አሳያቸው አሉ። ምንይችል ነው የነገረን፤ ይዟቸው የሄደው እሱ ነው።»

አምሳለ ቀጥ ብላ ባጃጅ ተራ ሄዳ ምንይችልን ያዘችው። ልጁ መሪውን እየነካካ አቀረቀረ።

«እትዬ፣ አባቴን የገደለው ይኸው በሽታ ነው። አፍሮ ለማንም ሳይናገር ሞተ። የዚያን ቀን ማታውን መምህር ቤት ሄጄ ‹ነገ እንሄዳለን፤ ለሰው የሚወራውን ለኔ ይተዉት› አልኋቸው። ወሬ ከኔ አፍ ከወጣ ማን ይጠራጠራል?»

አምሳለ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ስትመለስ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች፦ «አድራሻው ቢቀየርብዎ አይደንግጡ። ጎረቤት አይጥሩ፤ እኔን ይጥሩ።» ሹራቡንም ጨርሳ ለምንይችል ሰጠችው።

ጋሽ ዓባይነህ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛሉ። የዕድሩ ስብሰባ ላይ ቆሎ ሲዞር አምሳለ በዓይኗ ትፈልጋቸዋለች። ጥርሳቸው አንድም አልጎደለም፤ የሚያኝኩት ግን እስካሁን በግራ በኩል ብቻ ነው።